የአባትነት ጥርጣሬን በደም ዓይነት የመረመርኩበት መንገድ

የላቦራቶሪ ባለሙያ ስሆን፣ አንድ ባልና ሚስት የአምስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ወደምሠራበት ክፍል መጡ። በያዙት ካርድ ላይ አባትየው ቢ፣ እናትየው ኦ፣ ልጁ ደግሞ ኤ ተብለው ተመዝግበዋል። ልጅ የደም ዓይነቱን የሚወስኑትን ሁለት ዘረ መሎች ከእናትና ከአባቱ አንድ አንድ ስለሚወርስና ኦ የሆነች እናት ኤን ልታወርስ ስለማትችል፣ ካርዱ እውነት ከሆነ እኚህ ሰው አባት ሊሆኑ አይችሉም። በቤታቸው ውስጥ የገባው ጭቅጭቅ መነሻም ይኸው ስሌት ነበር።

ስሌቱ ልክ ነው፤ መረጋገጥ የነበረበት ካርዱ ነው። ሁለቱም ከፈቀዱ በኋላ ከሦስቱም አዲስ ናሙና ወስጄ ቲዩቦቹ ላይ ስማቸውን እያዩ ጻፍኩ። ከዚያም ቀይ የደም ሴላቸውን አንቲ-ኤ እና አንቲ-ቢ ከተባሉት፣ የኤን ወይም የቢን ሴል እርስ በርስ ከሚያጣብቁ (ከሚያጓጉሉ) ፀረ እንግዳ አካላት ጋር፣ ሴረማቸውን (ከደም ሴሎቹ የተለየውን ፈሳሽ) ደግሞ ዓይነታቸው ከታወቀ የኤ እና የቢ ሴሎች ጋር ፈተንኩ። የእናትና የልጁ ውጤት ከካርዱ ጋር አንድ ሆነ። የአባትየው ሴል ከአንቲ-ቢ ጋር ወዲያው በጥብቅ ተጓጎለ፤ ከአንቲ-ኤ ጋር ግን ቲዩቡን ቀስ አድርጌ ሳነቃንቀው ደቃቅ ቅንጣቶች ብቻ ታዩ፤ በመስታወት ላይ በችኮላ ቢሠራ በቀላሉ የሚታለፍ ውጤት ነው። ጉዳዩን የፈታው ሴረማቸው ነው፦ ቢ የሆነ ሰው ሴረም የኤ ሴሎችን ማጓጎል ሲገባው የእርሳቸው አላጓጎለም። በሌላ ጠርሙስ ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ፈሳሽ) ብደግመውም ውጤቱ አልተለወጠም። ደማቸው ኤው ደካማ የሆነ ኤቢ ነበር፤ ስለዚህ ኤን ለልጁ ሊያወርሱ ይችላሉ።

ይህን ስነግራቸው ግን «ሊሆኑ ይችላሉ» እንጂ «ነዎት» አላልኩም፤ ኤ ወይም ኤቢ የሆነ ሌላ ሰውም ያንኑ ሊያወርስ ይችላልና። የደም ዓይነት ኃይሉ አባት ያልሆነውን በማግለል ላይ ነው፤ ይህም በጥንቃቄ ሲሠራ ሊናቅ አይገባም። የፊልም ተዋናዩ ቻርሊ ቻፕሊን በካሊፎርኒያ በአባትነት ሲከሰስ እርሱ ኦ፣ እናትየው ኤ፣ ሕፃኗ ቢ መሆናቸው በምርመራ ቢታወቅም፣ ጁሪው እ.ኤ.አ. በ1945 አባቷ ነው ብሎ መወሰኑ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ከዚያ ወዲህ ከካርድ ተነስቼ ስለ አባትነት አስተያየት አልሰጥም። በተለይ ልጁ እንደተወለደ የተሠራ ምርመራ ከሆነ፣ የጨቅላ ሕፃን ሴረም የራሱን ፀረ እንግዳ አካላት ገና ስላላዳበረ ውጤቱን ከሴሉም ከሴረሙም ወገን ማመሳከር አይቻልም። ምርመራው አባትን የሚያገልል ሲሆን ደግሞ ሌላ ናሙና ወስጄ እደግማለሁ፤ ውጤቱ ከጸናም ለመጨረሻ ማረጋገጫ ወደ ዲኤንኤ ምርመራ እልካቸዋለሁ።