የኪራይ ቀንና የሱቄ ደብተር

ሱቄን የከፈትሁት በ2008 ዓ.ም. መስከረም ወር ላይ ደሴ ውስጥ፣ ከሰኞ ገበያ ብዙም ሳይርቅ ካለ አንድ ተዳፋት ሰፈር ነው። ከዚያ በፊት ፒያሳ በሚገኝ የጅምላ መደብር ለስድስት ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ስላገለገልሁ ዕቃ በስንት ገብቶ በስንት እንደሚወጣ አውቅ ነበር። የማላውቀው ገዢውን ነበር። በዚያ ሰፈር የሚኖር ሰው በምን ቀን ገንዘብ እጁ እንደሚገባ፣ ከገባውም ምን ያህሉ ለቤት ኪራይ ተነሥቶ ምን ያህሉ ለወጥና ለሳሙና እንደሚተርፍ ለመረዳት ሦስት ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል፤ ሳልረዳ በፊትም ከስሬያለሁ።

ክፍሏን ከመከራየቴ በፊት አንድ ጥሩ ነገር አድርጌ ነበር። ለሦስት ሳምንት ያህል ማለዳ ማለዳ እየሄድሁ ቦኖው ላይ የሚሰለፉትን ጄሪካኖች፣ ማታ ማታ ደግሞ በየግቢው ያሉትን በሮች ቆጠርሁ። የግቢውን በር መቁጠር ብቻውን ያሳስታል፤ ከአንድ የቆርቆሮ አጥር ጀርባ አምስትና ስድስት ክፍል ተደርድሮ በየክፍሉ አንድ ቤተሰብ ሊኖር ይችላልና። ቀን ቀን ከውጭ በቁልፍ የተዘጋ በር የሠራተኛ ተከራይ፣ ክፍት የዋለና ልጆች የሚመላለሱበት በር ደግሞ የባለቤተሰብ መሆኑን ያን ጊዜ ለየሁ። ከሱቁ ፊት ማለፍ ግድ ከሚሆንባቸው 140 ያህል በሮች ከ60 የማያንሱት የኪራይ ክፍሎች ነበሩ። ይህን ቁጥር በወረቀት ይዤ ሳለ ትርጉሙን አለማወቄ አሁን ይገርመኛል።

በሰፈሩ ሦስት ዓይነት ነዋሪ አለ። አንደኛው ከአያት ከቅድመ አያት በወረሰው ግቢ የሚኖር ባለ ይዞታ ነው። ሁለተኛው የቀበሌ ቤት ተከራይ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጥተው ስለነበር፣ ዛሬም ድረስ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው በድንጋይ የታፈነ አሮጌ ቆርቆሮ በሆነ ቤት ውስጥ በጥቂት ብር የሚኖሩ አረጋውያን አሉ። ሦስተኛው የግል ተከራይ ነው፤ ከእርሱም ውስጥ በቀበሌ ቤት ጓዳ በደባልነት የሚኖር ይገኝበታል። የቀበሌው ተከራይ ጣሪያው ያፈሳል እንጂ ኪራዩ አያስጨንቀውም፤ ስለዚህ ከወሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው የሚገዛው ተመሳሳይ ነው። የግል ተከራዩ ግን ወሩ በገባ በአምስት ቀን ውስጥ ኪራይ ስለሚከፍል፣ ያኔ ስኳር ከሩብ ኪሎ ወደ ሁለት ስኒ ይወርዳል፤ ቡናም ይቀራል፤ ወሎ ውስጥ ቡና ቀረ ማለት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን ያስተማረኝ የዱቤ ደብተሬ ነው። መጀመሪያ ላይ እንደማንኛውም ባለሱቅ በስም ብቻ እየጻፍሁ፣ የቀረውን ሁሉ በአእምሮዬ እይዝ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ያልተከፈለኝ ዕዳ ከመነሻ ካፒታሌ ሢሶ ሲደርስ ግን ተቀምጬ የአንድ ዓመቱን ገጽ በቀን ለየሁት። ዕዳው የሚከማቸው እኔ እንደገመትሁት ከበዓል በፊት ሳይሆን ወር በገባ ከአምስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን መሆኑን አየሁ። ከዚያ በኋላ በዱቤ የሚወስድ ሰው መቼ እንደሚከፍል የምጠይቀው ገንዘብ የሚያገኝበትን ቀን አውቄ ሆነ፤ የቀን ሠራተኛው ቅዳሜ ማታ፣ የመንግሥት ተቀጣሪው ደመወዝ በወጣ ማግሥት፣ ባለጉልቷ ደግሞ ሰኞ ገበያ ከዋለች በኋላ። በኪራዩ ሳምንት ጅምላ ሻጩ ዘንድ ሄጄ ዕቃ መሙላትም ተውሁ፤ ገንዘቤን ያን ጊዜ መደርደሪያ ላይ ማሰር ለእኔም ለእቁቤም የማይበጅ ነበር።

ስለ አነስተኛ ሽያጭ በግልጽ መናገር ይገባኛል። ዘይት ከሃያ ሊትር ጄሪካን እየቀዳሁ ደንበኛው ባመጣው ሃይላንድ፣ አንዳንዴም በቡና ስኒ እሸጥ ነበር። በርበሬና ሽሮ በስኒ፣ የልጅ ዳይፐር በነጠላ፣ የልብስ ሳሙና በግማሽ ይሸጣል። በዚህ መልክ የሚገዛ ሰው በኪሎ ሲሰላ ፒያሳ በኪሎ ከሚገዛው የበለጠ ይከፍላል፤ ድሀው በውድ ይገዛል የሚባለው እውነት ነው፣ የምሸጠውም እኔ ነበርሁ። አንድ ጊዜ ይህ ከንክኖኝ ግማሽ ሊትር ዘይትን በሊትሩ ዋጋ እኩሌታ ለመሸጥ ሞከርሁ። ጄሪካኑ ሲያልቅ ሳሰላው ግን በመቅጃውና በጆጉ ላይ የሚቀረው፣ ሚዛን ሲመዘን የሚያልፈው፣ ፌስታሉ ሳይቀር ትርፉን በልቶት አገኘሁት። ስለዚህ ዋጋውን መለስሁ፤ ነገር ግን ልዩነቱ ከብክነቱ እንዳይበልጥ ለራሴ ወሰን አበጀሁ። ትክክለኛ መፍትሔ ነው አልልም፤ ሰውየው አንድ ክፍል ውስጥ ከአራት ልጆች ጋር እየኖረ ሃያ ሊትር ዘይት የሚያስቀምጥበት ጥግ እስከሌለው ድረስ ግን ሌላ መንገድ አልታየኝም።

ከሁሉ ይበልጥ ያተረፈኝ ዕቃ እንጀራ ነው፤ ሐሳቡም የመጣው ከቤት ጉዳይ ነው። የኪራይ ክፍሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከአከራዩ ጋር አንድ ቆጣሪ ስለሚጋሩ፣ አከራዮች በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገርን ይከለክላሉ። ጭስ ደግሞ ጎን ለጎን በተሠሩ ክፍሎች ጠብ ያመጣል። ስለዚህ ተከራይ ሁሉ እንጀራ ገዢ ነው። በአንጻሩ ከሱቄ በላይ ባለ የቀበሌ ቤት የሚኖሩ አንዲት አሮጊት የራሳቸው ቆጣሪ ነበራቸው። «እትዬ፣ በቀን ሠላሳ እንጀራ ቢጋግሩልኝ እኔ በቁጥር ልሸጥልዎ» አልኋቸው። «ሠላሳ ማን ይበላዋል ልጄ?» አሉኝ። በዓመቱ ልጃቸውን ጨምረው ከመቶ በላይ ይጋግሩ ነበር። ከእያንዳንዱ እንጀራ የማገኘው ትርፍ ትንሽ ቢሆንም፣ እንጀራ ሊገዛ የመጣ ሰው ሽንኩርትና ዘይት ሳይዝ አይሄድም። ለአዲስ ባለሱቅ አንድ ነገር ብቻ ምከሪ ብባል፣ የሰፈሩ ተከራዮች ቤታቸው ውስጥ ምን ማድረግ እንደማይፈቀድላቸው አስቀድመሽ ጠይቂ እላለሁ።

ኮምቦልቻ ላይ ግን ይህንኑ ምክር ራሴ ዘነጋሁት። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ተመርቆ ሥራ ሲጀምር ከገጠር ወረዳዎች የመጡ ወጣት ሴቶች አራትና አምስት ሆነው አንድ ክፍል እየተከራዩ ከተማዋን ሞሏት። በ2011 ዓ.ም. የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ፣ የእህቴን ልጅ አስቀምጬ ሁለተኛ ሱቅ ከፈትሁ። መደርደሪያውን የሞላሁት ልክ እንደ ደሴው ነበር፤ ዘይት፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ ከሰል። ሠራተኞቹ ግን ቀኑን የሚያሳልፉት ፋብሪካ ነው፤ ማታ ደክሟቸው ሲገቡ አብረው አንድ ድስት ይጥዳሉ፤ ለአምስት ሰው የሚበቃ ሽሮ ደግሞ ብዙ ዘይት አይፈልግም። የሚፈልጉት ሞዴስ፣ የፀጉር ቅባት፣ የሞባይል ካርድና ዳቦ ነበር። ለበዓል ሁሉም ወደየቤተሰባቸው ስለሚሄዱ፣ ደሴ ላይ ብዙ የምሸጥበት ሳምንት እዚያ ባዶ ይሆናል። የኮምቦልቻ ሙቀትም ለደሴ ብርድ የለመደውን ቅቤዬን አበላሸብኝ። ዕቃውን ለመቀየር ስዘጋጅ ኮሮና መጣ፤ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ሱቁን ዘግቼ የቀረውን ዕቃ በአይሱዙ ጭኜ ተመለስሁ። ኪሳራውን ለመሸፈን ሁለት ዙር እቁብ ወስዶብኛል።

ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ ደሴን ሲያገኛት እኛም እንደ ብዙው ሰው ወጥተን ነበር። ስንመለስ መደርደሪያው እንኳ አልነበረም። ከእጄ ያልተለየው ደብተሩ ብቻ ነበር፤ በውስጡም የ43 ሰዎች ዕዳ ተመዝግቧል። እነርሱም እንደኔው የተዘረፉ ስለነበሩ ማንንም መጠየቅ አልቻልሁም። ሆኖም ከቅሬያችን (ከቀብር ዕድራችን) አባላት መካከል አንዳንዶቹ ገና ከወር በኋላ ሃያም ሠላሳም ብር እየያዙ መጡ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ በሚቀበርበት ሰፈር ዕዳ ተሸክሞ ለቀብር መገናኘት ያሳፍራል መሰለኝ። ከጥር ጀምሮ ሱቁን እንደገና የከፈትሁት በዚያ ገንዘብና በእቁብ ነው። በዚያው ሰሞን፣ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሏ፣ ስላስወጣችና ፓርኩም በጦርነቱ ስለተጎዳ፣ ኮምቦልቻ ይሠሩ የነበሩ የሰፈራችን ልጆች ወደ እናቶቻቸው ክፍል ተመለሱ። አንድ ደመወዝ የቀረበት ቤት ሦስት ሰው ጨምሮ ሲገዛ ደብተሬ ላይ ታየኝ፤ መጠኑ ጨመረ፣ መክፈያው ግን ዘገየ።

ተፈናቃዮች በዘመድ ቤትና በኪራይ ክፍል መጠለል ሲጀምሩ ኪራይ መውጣት ጀመረ። በ2008 ዓ.ም. 400 ብር ሲከራይ የማውቀው ክፍል ከጥቂት ዓመታት በኋላ 2,000 ብር ገባ። ሽንኩርትና ቡና ለመግዛት ሲሉ በእርዳታ ያገኙትን ዘይት በርካሽ የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ፤ እኔም ለአንድ ሁለት ወር የዘይት ሽያጬ ወርዶ ተበሳጭቼ ነበር። ኋላ ላይ ዘይቱን ትቼ ሽንኩርቱንና ቡናውን አበዛሁ፤ ይህን ለማሰብ ሁለት ወር መፍጀቱ ያሳፍረኛል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የተማርሁት ደግሞ ንጹሕ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲደርስ፣ እኔ በገዛሁበት ዋጋ ላይ የተለመደውን ትርፍ ጨምሬ ስሸጥ ሰነበትሁ፤ ገዢም በዛልኝ፤ ደስም አለኝ። ጅምላ ሻጩ ዘንድ ስሄድ ግን አምስት ካርቶን ሸጬ ያገኘሁት ገንዘብ አራት ካርቶን አልገዛ አለኝ። አትርፌ ሳለ ሱቄ ጎደለ። ከዚያ ወዲህ ዋጋ የማወጣው በገዛሁበት ሳይሆን መልሼ በምገዛበት ነው፤ ለዚህም በየሁለት ቀኑ ጠዋት ሁለት ጅምላ መደብር ደውዬ እጠይቃለሁ። ደንበኞቼ «በአሮጌ ዋጋ የገዛሽውን በአዲስ ትሸጫለሽ» ብለው ወቅሰውኛል። ወቀሳቸው ልክ ነው፤ ሆኖም ባዶ መደርደሪያም አይጠቅማቸውም። ማመቻመቻዬ ጨው፣ ክብሪትና ሽሮ ላይ ያለውን አሮጌ ዕቃ እስኪያልቅ ድረስ በአሮጌው ዋጋ መተው ነበር። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ልዩነት ሲገቡ፣ ዘይት፣ ምስርና ተምር በአንድነት ሲፈለጉ፣ አስቀድሜ ጥር ላይ ገዝቼ ማስቀመጤ ብቻ ነው ያዳነኝ።

የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች ሲስፋፋ ደሴም ደረሰና በዋናው መንገድ ዳር ያሉ ቤቶች ተነሡ። የእኔ ሱቅ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለነበር ተረፈ፤ ከፊቱ ያሉት ግቢዎች ግን ተነሡ። በስሙ ውል ያለው ምትክ ይጠይቃል፤ በቃል የተከራየውና ደባሉ ግን የሚጠይቀው የለውም፤ ጓዙን አስሮ ሌላ ክፍል ይፈልጋል። ከደብተሬ ስሞች ውስጥ 17ቱ በአንድ ክረምት ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዱ። መንገዱ አማረ፤ መብራቱም እስከ ሱቄ ደጅ ይደርሳል፤ በአዲሱ ፊት ለፊት የተከፈቱት መደብሮች ግን ስኳር በስኒ አይሸጡም።

የሱቁ አከራይ በበኩላቸው መንገዱ ካማረ ኪራዩ ይጨመር አሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል እንዲኖርና ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ የሚደነግገው ለመኖሪያ ቤት ስለሆነ እኔን አይጠብቀኝም። ስለዚህ በቃል የነበረውን ስምምነት በጽሑፍ ካደረጉልኝ የስድስት ወር በአንድ ጊዜ እንደምከፍል ነገርኋቸው። ተስማሙ። ውሉ በ2019 ዓ.ም. ሰኔ ያበቃል። እኔም ካለፉት ሦስት እሑዶች ጀምሮ ማለዳ ወደ ጢጣ በኩል እየሄድሁ፣ የቀድሞ ደንበኞቼ ከሚኖሩባቸው አዳዲስ የብሎኬት ክፍሎች ጀርባ ቆሜ ጄሪካንና በር እቆጥራለሁ። እስካሁን 90 ደርሻለሁ፤ በስንቱ ምጣድ እንደተከለከለ ግን ገና አልጠየቅሁም።