እንኳን ለግዝረት አደረሳችሁ

እንኳን ለግዝረት በዓል አደረሳችሁ! አዎ፣ ለግዝረት። ዛሬ ጥር 6 ነው። የገናው ዶሮ አልቋል፣ የጥምቀቱ ቀሚስ ገና ልብስ ሰፊው ጋ ነው። መሃል ላይ ያለችውን ይቺን ቀን ማን ያስታውሳታል? ወንጌሉም እኮ ብዙ አላወራላትም። ሉቃስ በምዕራፍ 2፣ ስምንት ቀን ሲሞላ ሕፃኑ እንደተገረዘና ስሙ ኢየሱስ እንደተባለ በአንዲት ቁጥር ነግሮን ያልፋል።

እኔ ግን ዘንድሮ ማለፍ አቃተኝ።

ልጄ የአምና የገና ልጅ ነው። በስምንተኛው ቀን ሲስተር ቤት ድረስ መጥታ ገረዘችልን። እኔ ፈርቼ ጓሮ ቆሜ ነበር (ባለቤቴ እስካሁን ትስቅብኛለች)። አባባ ሕፃኑን አባብለው ሲያበቁ መነጽራቸውን አድርገው ኦሪት ዘዳግምን ገለጡ።

"ምዕራፍ 10 ላይ የልባችሁን ሸለፈት ግረዙ ይለናል" አሉኝ። "ምዕራፍ 30 ላይ ደግሞ እግዚአብሔር ልብህን ይገርዛል ይላል። አየህ? ቢላውን መጀመሪያ ለእኛ ሰጥቶን ነበር። እጃችን ሲንቀጠቀጥ ጊዜ ራሱ ተቀበለን።"

ትንሽ ዝም አሉና፣ "የዚህስ ልጅ ቶሎ ይድናል። የከበደው የኔው ነው።"

ገባኝ። ከታናሽ ወንድማቸው ከጋሼ ጋር በአያቴ ቤት ውርስ የተነሳ 11 ዓመት አልተነጋገሩም። ሽማግሌ ገብቶ ተመልሷል። የንስሐ አባታቸው "አብርሃም እኮ የተገረዘው በ99 ዓመቱ ነው" ሲሏቸው፣ "እንግዲያው እኔ ገና 74 ነኝ፣ ጊዜ አለኝ" ብለው ይስቁ ነበር።

በማግስቱ ስልክ አስደወሉኝ። ጋሼ እስኪያነሱት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ያሉት ይኸው ነው፦ "ልጅ ተወልዷል፤ ናና እየው።" ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣም። ጋሼ በሳምንቱ ሙክት እየጎተቱ መጡ። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች መገረዝም አለመገረዝም አይጠቅምም፣ በፍቅር የሚሠራ እምነት እንጂ ሲል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ያየሁት ግን ያን ቀን ነው፤ ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ሕፃን ሲቀባበሉ።

አባባ በሰኔ አረፉ። ሳጥኑን ከፊት የተሸከሙት ጋሼ ናቸው።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያን ስልክ ባያነሱት ኖሮ ዛሬ ምን ብዬ እጽፍ ነበር? ሲስተር፣ አንቺም በደስታውም በለቅሶውም ቤታችን ነበርሽ። እትዬ፣ እስከ አርባው ድረስ ያፈሉልን ቡና አይረሳኝም።

እናንተ ሁለታችሁ ደግሞ! ስም አልጠራም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። የዕቁቡ ኩርፊያ ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ። ኤርምያስ ያልተገረዘ ጆሮም እንዳለ ተናግሯል፤ የእናንተ ይሰማል ብዬ ነው የምጽፈው። ለጥምቀት ቤቴ ጠላ ተጠምቋል። ሁለታችሁንም ጠርቻለሁ። መቀመጫው ግን አንድ አግዳሚ ብቻ ነው።