የሳነቴ ጉንፋን

አስጎብኚ ሆኜ በሠራሁበት ዘመን የጽሑፍ ማብራሪያ ከተጠየቅሁባቸው ጉዳዮች ሁሉ እስካሁን የሚያንገበግበኝ፣ ኡጋንዳ ቡዶንጎ ደን ውስጥ ያለው የካኒዮ ፓቢዲው ነው። ጥፋቴ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤው አገላለጽ «ደንበኛ የከፈለበትን አገልግሎት ሲያጣ በቸልታ መመልከት» ነበር።

እንግዶቹ ወፍ ተመልካቾች ናቸው። ባሌን ጨርሰን ወደ ኢንቴቤ በረርን፤ ማሲንዲ አድረን በማግስቱ ማለዳ ቡዶንጎ ደን ገባን። ከመካከላቸው አንዱ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ፣ ባሌ ሳነቴ አምባ ላይ ከ4,000 ሜትር ከፍታ በላይ ቀይ ቀበሮ ሲጠብቁ ብርድ መትቷቸዋል። ማስነጠሱን እዚያው ጀመሩት፤ ማሲንዲ ስንደርስ ሳሉ ደረታቸው ውስጥ ገብቷል። ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ «አቧራ ነው፣ አለርጂ አለብኝ።»

ወደ ቺምፓንዚዎቹ ከመሄዳችን በፊት እንደተለመደው ገለጻ ተደረገልን። የደን ጠባቂዋ ጭምብል አደለች፤ ከመንጋው ጋር የምንቆየው አንድ ሰዓት ብቻ እንደሆነ ተናገረች። ቀጥላም «ጉንፋን፣ ሳል ወይም ተቅማጥ ያለበት ሰው አለ?» አለች። ሁሉም ዝም አለ። መሐንዲሱ ሳላቸውን ዋጡ። ፊታቸው ቀላ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ በመጨረሻ አመለጣቸው።

«አቧራ ነው» አሉ።

ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው። ጠባቂዋ ምንም ሳትናገር እስከ ቁርጭምጭሚታቸው በጭቃ የተለወሰውን ጫማቸውን አየች። ከዚያም በትሕትና «አለርጂ ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን። ቺምፓንዚዎቹ ግን እንደ እኔ ጠይቀው መረዳት አይችሉም፤ እዚሁ ይቆዩልን» አለቻቸው።

ሰውዬው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ቢሮ ደወልሁ።

«ጉንፋን ነው እንዴ ይህን ሁሉ ያመጣው?» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። «ለልጅቷ ሻይ መጠጫ ሰጥተህ አትጨርሰውም?»

«ጉንፋን ይገድላቸዋል» አልሁት። እ.ኤ.አ. በ2013 በሌላው የኡጋንዳ ደን በኪባሌ ውስጥ ከካንያዋራ መንጋ 56 ቺምፓንዚዎች አምስቱን የጨረሰው ሰውን አብዛኛውን ጊዜ ንፍጥ ከማዝረክረክ የማያልፍ የጉንፋን ቫይረስ መሆኑን አስረዳሁት። በጥሞና አዳመጠኝ።

«እናንተ ያላችሁት የት ነው?»

«ቡዶንጎ።»

«እነሱ የሞቱት ኪባሌ ነው አላልክም?»

ስልኩን ዘጋሁ። በማብራሪያዬ ላይ «ኔትወርክ ተቋረጠ» ብዬ ጽፌዋለሁ፤ ከጻፍሁት ሁሉ ያለ ጥያቄ የታመነልኝም ይህ ብቻ ነው።

ሌሎቹ ከጠባቂዋ ጋር ሄዱ። እኔ ከመሐንዲሱና ከአንድ የአካባቢው ወፍ አሳይ ጋር ቀረሁ። በነገራችን ላይ ካኒዮ ፓቢዲ ለወፍ ተመልካች ከቺምፓንዚው ያላነሰ ምክንያት አለው፤ ፑቬልስ ኢላዶፕሲስ በኡጋንዳ የሚፈለገው እዚሁ ነው። ቡናማ፣ ጉሮሮው ነጭ፣ በቁጥቋጦ ሥር እየተሹለከለከ የሚኖር፣ ድምፁን አሰምቶ ራሱን የሚሸሽግ ወፍ ነው። ትዕግሥትና ጸጥታ ይፈልጋል። እኛ የያዝነው ደግሞ ሳል ነው።

ወፉ ያፏጫል፤ አሳያችን ጣቱን ወደ ቁጥቋጦው ይቀስራል፤ መሐንዲሱ መነጽራቸውን ያነሣሉ፤ ያስላሉ፤ ደኑ እረጭ ይላል። ወፉ ራቅ ብሎ እንደገና ያፏጫል፤ እንከተለዋለን፤ ያስላሉ። አሳያችን ጨዋ ስለሆነ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ፤ ያን ጊዜ ሁለት ሆኑብኝ። በመጨረሻ መሐንዲሱ በሹክሹክታ «አየሁት!» ብለው ማስታወሻቸው ላይ ምልክት አደረጉ። እኔ ያየሁት ቅጠል ሲነቃነቅ ነው። ስለ አቧራው ያልተከራከርሁ ሰው ስለ ወፉ ምን አከራከረኝ?

ሌሎቹ ሲመለሱ ወሬያቸው ሁሉ የዛፍ ግርጌ እየደለቀ በአጠገባቸው ስላለፈው ወንድ ቺምፓንዚ ሆነ። ፎቶግራፉም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የመሐንዲሱ አቤቱታ የተጸነሰው እዚያ ፎቶግራፍ ላይ ይመስለኛል፤ ወፉ ከአቤቱታው ውስጥ አልተጠቀሰም።

በማብራሪያዬ መጨረሻ አንድ ሐሳብ ጨምሬ ነበር፤ ኡጋንዳ ይቅደም፣ ሳነቴ ይከተል፤ እንግዳው ብርድ ቢመታውም ቺምፓንዚውን አይቶ ከጨረሰ በኋላ ይሁን የሚል። መልስ አላገኘሁም። በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ግን ሥራ አስኪያጁ አዲሱን የጉዞ ቅደም ተከተል በስላይድ አቀረበ። «ከመስክ ልምዴ በመነሣት» ብሎ ነው የጀመረው። ተጨበጨበለት፤ እኔም አጨበጨብሁ። ማስጠንቀቂያው ግን አሁንም ከግል ማኅደሬ አልወጣም።