በረዶ ላይ አካፋ ይዞ መክረም

ከግሪንላንዷ ከተማ ከካንገርሉስዋክ የተነሳው ሄርኩሊስ አውሮፕላን ያረፈው በጎማ ሳይሆን በበረዶ ሸርተቴ ነው። በሩ ሲከፈት ነፋሱ ፊቴን ለበለበው። ኢስትግሪፕ የሚባለው የምርምር ሰፈር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ብዙም አያንስም። ባልደረቦቼ ትንፋሽ ሲያጥራቸው እኔ የደጋ ሰው ነኝና ደረቴን ነፍቼ ተራመድኩ። አካፋ እስኪሰጠኝ ድረስ።

የበረዶ ናሙና ለማውጣት የተቆፈረው በሰሜን ምሥራቅ ግሪንላንድ፣ በዓመት 55 ሜትር ያህል ወደ ባሕር በሚፈስ ግግር በረዶ ላይ ነው። ቀደምት ጥልቅ ቁፋሮዎች ብዙም የማይንቀሳቀስ በረዶ ይመርጡ ነበር። ይህኛው ሆን ተብሎ በሚጓዘው ላይ ተጀመረ፤ የአካሄዱ ጠባይ ሳይታወቅ የባሕር ከፍታ ወደፊት ምን ያህል እንደሚጨምር መገመት ያዳግታላ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2022 ነበር። በኮሮና ምክንያት ቁፋሮው ሁለት ዓመት ተቋርጧል። የሥራ ዋሻዎቹ የተሠሩበት ብልሃት ደስ ይላል፦ ቦይ ተቆፍሮ ግዙፍ ፊኛ ይነፋበታል፣ በረዶ ይከመርበታል፣ በረዶው ሲጠጥር ፊኛው ይተነፍሳል፤ ጣሪያው ይቀራል። ማንም ሳይነካው ሲከርም ግን ጣሪያው በላዩ የተከመረው ክብደት ተጭኖት ጎብጧል። በሰንሰለት መጋዝ እየቆረጥን በአካፋ ዛቅን። ስለ ዋልታ ምርምር የሚያወራ ሁሉ አካፋን ሳይጠቅስ የሚያልፈው ለምን እንደሆነ እስካሁን አይገባኝም።

ማዕበል ሲነሳ ሰማይና ምድር አንድ ይሆናሉ። ከድንኳን እስከ መመገቢያው ቤት የቀርከሃ ዘንጎች ባንዲራ ታስሮባቸው ተተክለዋል። አንዱን ጨብጦ ቀጣዩ ሳይታይ መራመድ ክልክል ነው። ደግሞ ሌሊት የለም፤ በእንዲህ ያለ ቀን እንኳ ፀሐይዋ አትጠልቅም፣ እንቅልፍም አይመጣም።

ዋሻው ውስጥ ነፋስ የለም፣ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል። ማሞቅ ደግሞ አይቻልም፤ ናሙናው ይበላሻል። መሰርሰሪያው ከ2,100 ሜትር በታች ወርዶ የበረዶ ዘንግ ይዞ ይወጣል። እኛ ለክተን፣ 55 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቁራጭ ከፋፍለን ቁጥር እንጽፍበታለን። የመጀመሪያውን ስቀበል ከስሩ የጓንቴ ስፌት ቁልጭ ብሎ ታየኝ። በረዶን ነጭ የሚያደርገው የአየር አረፋ ነው፤ በዚያ ጥልቀት ግፊቱ አየሩን ከበረዶው ክሪስታል ጋር ስለሚያዋህደው አረፋ አይቀርም። በእጄ ያለው ከአሥር ሺዎች ዓመታት በፊት የዘነበ በረዶ ነው ሲሉኝ አያያዜ ተቀየረ።

የመመለሻው ቀን ሞቅ አለ፤ በረዶው ከሸርተቴው ጋር እየተጣበቀ አውሮፕላኑን አላስነሳ አለው። ተንደረደረ፣ ቆመ፣ ዞሮ ተመለሰ። ጭነት ይቀነስ ተባለ። የወረደው የእኛ ሻንጣ ነው፤ የናሙናው ሣጥን አልተነካም። ማንም አልተከራከረም።

በሐምሌ 2023 መሰርሰሪያው 2,670 ሜትር ላይ ከግግሩ ሥር ደርሶ ጭቃ ይዞ ወጣ። ያኔ እኔ ኮፐንሃገን ነበርኩ፤ ፎቶውን አይቼ በቅናት ተቃጠልኩ።