ከ«ማ» ሆድ የወደቁት ክቦች

ከባሕር ዳር የተላከልኝን እሽግ ስፈታ መጀመሪያ ያገኘሁት ሰሌዳውን ሳይሆን አንዲት ትንሽ ፌስታል ነው። ውስጧ አራት የእንጨት ክቦችና ምስር የምታህል አንዲት ቁራጭ አሉ። የሌዘር መቁረጫ ማሽኑን የሚያሠራው ልጅ «ምናልባት ትፈልጋቸው ይሆናል» ብሎ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎልኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ደብረ ማርቆስ ላይ ቡና መሸጫ ልትከፍት ነበር። «እማማ ቤት ቡና» የሚል ሰሌዳ ልሠራላት ቃል ገባሁ። ፊደሉ 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ላይ ተቀዶ ከኋላው መብራት ይበራል። ኮምፒውተሩ ላይ እንዴት እንዳማረ! ሌዘሩ ግን ያለውን መስመር ሁሉ ይቆርጣል፤ የቱ ክፍል ከየትኛው ጋር መያያዝ እንዳለበት አያውቅም። የ«ማ» ሁለት ሆዶች በምንም አልተያዙም። ሁለት «ማ»፣ አራት ክብ። አምስተኛዋ ቁራጭ ከ«ቤ» እግር ቀለበት የወጣች ናት። ሰሌዳው ላይ «ማ» ሁለት ትልልቅ ቀዳዳ ብቻ ሆኖ ቀረ። አክስቴ አየችውና «ምነው ልጄ፣ ፊደሉ ታመመ?» አለችኝ። ልቤ ተሰበረ።

ስለዚህ ለፊደሎቹ ድልድይ፣ ማለትም ሆዱን ከሰሌዳው ጋር የሚያያይዝ ሳይቆረጥ የሚቀር ቀጭን እንጨት፣ ሠራሁላቸው። መጀመሪያ የ1 ሚሊ ሜትር ድልድይ ሞከርኩ። ጨረሩ ከግራም ከቀኝም ስለሚበላው ሲነኩት ተሰበረ። ወደ 3 ሚሊ ሜትር አሳደግኩት። ለአንድ ሆድ አንድ ድልድይም አይበቃም፣ ክቡ እንደ በር ይወዛወዛል። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ አደረግኩለት። የ«ቤ»ን ቀለበት ግን ሆዱን ጨርሼ አጠፋሁት። ትንሽ ስለሆነች ድልድይ ቢገባባት መልኳ ይበላሻል፤ ያለ ሆዷም «ቤ» ሆና ትነበባለች።

ዋናው ጣጣ የመጣው ሰሌዳውን ላስጌጥበት ካሰብኩት ጥለት ነው። የአክስቴን ቀሚስ ጥለት በስልክ አንስቼ፣ ኢንክስኬፕ የሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ራሱ ወደ መስመር እንዲቀይረው አዘዝኩት። በአንድ ጠቅታ አለቀ ብዬ ደስ አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን እያንዳንዱ የክር መስመር ሁለት ሆኗል፤ ፕሮግራሙ ካልተነገረው በቀር የሚከተለው የመስመሩን ግራና ቀኝ ጠርዝ እንጂ መሃሉን አይደለም። ቀጥ ማለት ያለበት መስመር ላይ ደግሞ ነጥቦች እንደ ጤፍ ተበትነዋል። ማሽኑ በየነጥቡ እየዘገየ ስለሚሄድ ጠርዙ ይጠቁራል፣ ይሸረካከታል። ሁሉንም ሰርዤ በእጄ እንደገና ሣልኩት። ጥለት እኮ ቀጥ ያለ መስመርና ማዕዘን ነው። አንድ ሩቡን በጥንቃቄ ሠርቼ ሦስቴ ገለበጥኩት። ሩቦቹ የተገናኙበት ቦታ ላይ መስመር በመስመር ተደርቦ ነበር። ዓይን አንድ ያየዋል፣ ሌዘሩ ግን ሁለቴ ይሄድበትና እንጨቱን ያከስለዋል። ድርቡን አጠፋሁ፤ የተነካኩትን ቅርጾችም አዋሃድኳቸው።

ሁለተኛው ሰሌዳ ቆንጆ ሆኖ መጣ፣ ግን አነሰ። 40 ሴንቲ ሜትር ያልኩት 30 ሆኖ ቁጭ! የሰሌዳውን ክፈፍ የሣለልኝ ጓደኛዬ ኢሉስትሬተር በሚባል ሌላ የሥዕል ፕሮግራም ነበር የሠራው። ኢሉስትሬተር ኤስቪጂ የሚባለውን የመስመር ሥዕል ፋይል ሲያወጣ አንዱን ኢንች ወደ 72 ፒክሰል ይከፍለዋል፣ ኢንክስኬፕ ሲከፍተው ግን 96 ፒክሰልን እንደ አንድ ኢንች ይቆጥራል። 40 በ0.75 ሲባዛ 30 ነው። እኔም ፊደሎቹን በዚያው ክፈፍ ልክ አስገብቼ ሳልለካ ላክሁ። አሁን በየፋይሉ ጥግ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ የማይቆረጥ መስመር አስቀምጣለሁ። ልጁ ፋይሉን ሲከፍት መጀመሪያ እሱን ይለካል። ሰው የላከልኝን ፋይልም እኔው መጀመሪያ እለካለሁ።

ጽሑፍን ወደ ቅርጽ ሳይቀይሩ መላክም አይሆንም። የእኛ ፊደል ፎንት እዚያ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ሳጥን ሳጥን ብቻ ይታያል። ቅደም ተከተሉንም በቀለም እለያለሁ፤ የውስጡ ሰማያዊ፣ የውጩ ቀይ። ውጩ ቀድሞ ከተቆረጠ ሰሌዳው ከቦታው ይንቀሳቀስና የውስጡ ይዛነፋል። ተገጣጣሚ ነገር ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያ አንድ የ100 ሚሊ ሜትር ካሬ አስቆርጣለሁ። 99.8 ከመጣ ጨረሩ 0.2 በልቷል ማለት ነው፤ የመጋጠሚያውን ቀዳዳ በዚያ ልክ አጠባለሁ።

ለሦስተኛው ሰሌዳ ፋይሉን ከመላኬ በፊት ቀለሙን ሁሉ ለጊዜው ደብቄ በባዶ መስመር አየሁት። ከዚያ ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ በየክቡ ዞርኩ። የቱ ይወድቃል? የቱ ይቀራል? ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። በማግሥቱ ልጁ ደወለ።

«ወንድሜ፣ ዛሬ ፌስታል የለም» አለኝ።