ሁለት ጎማ እያላት ባንዱ ስትገፋ የኖረች መኪና

የ1991ዋ ማዝዳ ሚያታዬ ማልቀስ የጀመረችው ታህሳስ ላይ ነው። 45 ማይል ስደርስ ከኋላ ኡኡኡኡ ትላለች፣ እግሬን ከነዳጅ ሳነሳ ዝም፣ ስረግጥ መልሳ ኡኡታ። መጀመሪያ የጎማ ኩሽኔታ መስሎኝ ነበር ግን የኩሽኔታ ድምፅ መሪውን ግራና ቀኝ ስትመልሱት ነው የሚለዋወጠው፣ ለነዳጅ እንዲህ አይታዘዝም። ጋሼን (አዲስ አበባ ጋራዥ የነበራቸው፣ አሁን እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ልጃቸው ጋ የሚኖሩ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው) አጠገቤ አስቀምጬ 395 አውራ ጎዳና ላይ ወጣሁ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ "ልጄ ዲፈረንሻልህ አልቋል፣ ጥርሷን እኮ ነው ምታፋጨው" አሉኝ። ዲፈረንሻል ከሞተር የመጣውን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የማርሽ ሳጥን ነው፣ ውስጡ ያሉት ክራውንና ፒኞኑ (ትልቁ ክብ ጥርስና እሱን የሚያዞረው ትንሹ) ተበልተዋል ማለታቸው ነው።

እንግዲህ እዚህ ጋ ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንዱ ተመሳሳዩን አሮጌ ዲፈረንሻል በርካሽ ገዝቶ መግጠም፣ ያለቀለት የግማሽ ቀን ስራ። ሁለተኛው ሚያታ ያለው ሰው ሁሉ ሲመኘው የሚያድረው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ከ1990 እስከ 93 የወጡት ባለ 1.6 ሞተሮቹ ላይ ያለው ዲፈረንሻል ትልቁ ክብ ጥርሱ 6 ኢንች ነው፣ ትንሽ ጉልበት ከጨመራችሁበት አይችልም። በ94 ሞተሩ 1.8 ሲሆን ማዝዳ ወደ 7 ኢንች አሳደገው፣ አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ቶርሰን የሚባለውን አስገባበት። ቶርሰንን ቬርኖን ግሊዝማን የሚባል አሜሪካዊ ነው በ1958 ፓተንት ያወጣበት፣ ውስጡ ፍሪሲዮን የለ፣ ኤሌክትሪክ የለ፣ ማርሽ ብቻ ነው፣ ማርሾቹ እርስ በርስ ሲጣበቁ ጉልበቱን መሬት ቆንጥጦ ወደያዘው ጎማ ይልኩታል።

የኔ አሮጌው ግን ኦፕን ነው። ኦፕን ዲፈረንሻል ማለት ከልጆቿ ሁሉ ለሚያለቅሰው ብቻ ዳቦ እንደምትሰጥ እናት በሉት፣ አንዱ ጎማ እርጥብ አስፋልት ላይ መንሸራተት ሲጀምር መዞሩን ሁሉ ለሱ፣ መሬት የያዘው ወንድሙ ቁጭ ብሎ ያያል። በዝናብ ከመብራት ወደ ግራ ስታጠፍ የውስጠኛው ጎማ ፊይይይ እያለ መኪናው እዚያው ሲንገታገት የኋላ ሰውዬ ክላክስ ሲያደርግብህ... አሁንማ ነቃሁበት፣ ቶርሰን ነው የምገጥመው አልኩ።

ከ94 ሚያታ እየፈታ የሚሸጥ አንድ ሰው ተገኘ፣ 700 ዶላር፣ "ሁሉም ነገር አለው" አለኝ። ሄጄ አየሁት። የፒኞኑን ጫፍ ይዛችሁ አንዱን ጎን በእጅ ስታዞሩ ሌላው በተቃራኒው ልል ብሎ ከዞረ ኦፕን ነው፣ ይሄ ግን ክብድ ይላል፣ ቶርሰን ነው። ደስ ብሎኝ ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱትን ሁለቱን የጎን ዘንጎችም ጨምሬ ጭኜ መጣሁ። ምን እንደጎደለ አላሰብኩም። ሶማሌ ተራ ቢሆን ኖሮ ሻጩ ራሱ "ይሄስ?" ብሎ ሌላ ሊሸጥልኝ ይሞክር ነበር፣ እዚህ ግን ያልጠየቅከውን ማንም አይነግርህም።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን በክሪክ አንስቼ አራት ስታንድ ላይ አስቀመጥኳት። ማርሚታው መውረድ አለበት፣ መንገድ ይዘጋል። ከዛ የጎማው ትልቁ ዳዶ፣ ጫፉ ተቀጥቅጦ የተቆለፈ ስለሆነ መጀመሪያ በመሮ ማቃናት፣ ከዛ መፍቻው ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ መንጠልጠል። ግራው እሺ አለ፣ የቀኙ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፣ እኔ በ82 ኪሎዬ ቱቦው ላይ እየዘለልኩ ጋሼ ወንበር ላይ ሆነው ቡና እየጠጡ "ጨምር ጨምር" ይሉኛል።

ሚያታን ከሌላ መኪና የሚለያት ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን የሚያያይዝ ረጅም የአሉሚኒየም ክንድ አላት፣ ፓወር ፕላንት ፍሬም ነው የሚሉት። እሱን ከመፍታታችሁ በፊት ካምቢዮው ስር ክሪክ ካላደረጋችሁ ካምቢዮው ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ይሄን አውቅ ስለነበር ደግፌዋለሁ። ያላወቅኩት ብሎኑ የሚገባበት የብረት ቀለበት በ30 ምናምን አመት ጨው በልቶት ዲፈረንሻሉ ላይ ተጣብቆ እንደሚቀር ነው። ዘይት ነፋንበት፣ ቀጠቀጥነው፣ አሞቅነው፣ በመጨረሻ ማታ 2 ሰዓት ላይ ኳ ብሎ ወጣ። አሮጌውን ዲፈረንሻል ደረቴ ላይ ነው ያወረድኩት፣ እንዳታደርጉት፣ ሁለተኛ ክሪክ ተዋሱ።

እሁድ አዲሱን አስገባሁ፣ የጎን ዘንጎቹ ገቡ፣ ሁሉም ሰላም። ከካምቢዮ የሚመጣውን ረጅሙን ዘንግ ላያይዝ ስል ብሎኑ አይገባም። አዞርኩት፣ አይገባም። አንዱ ቀዳዳ ሲገጥም ሌላው ይሸሻል። ለካ የ1.6 እና የ1.8 ዘንግ የጫፉ ፍላንጅ (ብሎኑ የሚታሰርበት ክብ ብረት) ይለያያል! "ሁሉም ነገር አለው" ያለኝ ሰውዬ ዘንጉን ለሌላ ሰው ሽጦታል። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የኔም ነው፣ ዲፈረንሻል ልገዛ ሄጄ ዲፈረንሻል ነው የገዛሁት። ይሄን ስራ የምታስቡ ካላችሁ ዲፈረንሻሉን፣ ሁለቱን የጎን ዘንግ እና ረጅሙን ዘንግ ከአንድ መኪና፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሰው እጅ ግዙ።

ዘንጉ በፖስታ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን መኪናዋ ፓርኪንግ ላይ በስታንድ ቆማ ከረመች። በአምስተኛው ቀን ከአፓርትመንቱ አስተዳደር መስታወቷ ላይ ብርቱካናማ ወረቀት ተለጠፈ። ባለቤቴ ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጠፈችልኝ፣ ምንም አላለችም፣ ለጠፈችው ብቻ።

ዘንጉ ሲመጣ ቀሪው አንድ ከሰዓት ነው የፈጀው። ዘይት ስትቀይሩ ግን አንድ ነገር፣ መጀመሪያ የመሙያውን ቡሽ ፍቱ፣ ከዛ ነው የማፍሰሻውን። ሰዎች አፍስሰው ሲያበቁ የላዩ አልፈታ ብሏቸው ባዶ ዲፈረንሻል ታቅፈው ቀርተዋል። 75W-90 ጂ ኤል 5 የሚባለውን የማርሽ ዘይት ወደ 1 ሊትር ይይዛል፣ በመሙያው ቀዳዳ መልሶ እስኪንጠባጠብ ነው።

መጀመሪያ ስነዳት 60 ላይ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ልቤ ወረደ። ጋሼ ግን "ካምቢዮው ወርዷል" አሉ ሳያዩ፣ ያ የአሉሚኒየም ክንድ ሲታሰር ካምቢዮው በትክክለኛው ከፍታ ላይ ካልሆነ ዘንጉ አንግሉ ይበላሻል። ብሎኖቹን አላልተን ካምቢዮውን በክሪክ ትንሽ ከፍ አርገን መልሰን አጠበቅን፣ ጠፋ።

ከዛ ዝናብ ጠበቅኩ። እንደ ገበሬ ሰማይ ሰማይ ሳይ ሰነበትኩ። ማክሰኞ ማታ ዘነበ፣ ያቺው መብራት፣ ወደ ግራ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ረገጥኩ። መኪናዋ ወገቧን ትንሽ ሰበር አርጋ ሁለቱም ጎማ አንድ ላይ ገፉ፣ ሄደች። ብቻዬን መኪና ውስጥ ጮህኩ። (ቶርሰንም ቢሆን ተአምር አይደለም፣ አንዱ ጎማ ጭራሽ አየር ላይ ከተንጠለጠለ እንደ ኦፕን ነው የሚሆነው፣ የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ሳብ ማድረግ ይረዳል።)

አንድ የረሳሁት ነገር ነበር። አሮጌው 4.30 ነው፣ አዲሱ 4.10 (ጎማው አንዴ እንዲዞር ረጅሙ ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ማለት ነው)፣ ስለዚህ በ65 ማይል የሞተሩ ዙር ከ3,400 አካባቢ ወደ 3,200 ወረደ፣ ለጆሮ ጥሩ ነው፣ መነሻዋ ግን ጥቂት ቀዝቀዝ ብሏል። የፍጥነት መለኪያው ደግሞ ንባቡን ከካምቢዮ ነው የሚወስደው፣ ዲፈረንሻል መቀየሬን ማን ይንገረው። ዳሽቦርዱ 62 ሲል ስልኬ ላይ ያለው ጂፒኤስ 65 ይላል። እና ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 ካለፍክ ተራ ትኬት አይደለም፣ ፍርድ ቤት ነው። ለጊዜው የፍጥነት መለኪያው መስታወት ላይ 62 ጋ ቀይ ቴፕ ለጥፌያለሁ። ጋሼ ባለፈው ሲገቡ አይተው "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አሉኝ።

"ፖሊስ ነው ጋሼ።"

"ጠጋ አርገው" አሉ፣ "58 ላይ።"