የማትወደድ ሴት መጻፍ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የፊልም ጽሑፍ ለምትለማመዱ ሁሉ፣ ያለሁበትን ላካፍላችሁ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ። ማታ ጋቢ ደርቦ ፊልም ከማየት የተሻለ ሥራ የለም። ሰሞኑን የማያቸው ሥነ ልቦናዊ ትሪለሮች (ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች) ናቸው፤ ያውም ዋናዋ ሴት የማታሳዝንባቸው። በእኛ ፊልሞች እንዲህ ዓይነቷ ሴት ብዙ ጊዜ እንጀራ እናት ወይም ምቀኛ ጓደኛ ሆና ጥግ ትይዛለች። መሐሉ የተበዳይዋ ነው።

ብዙ ያስተማረኝ «ጎን ገርል» ነው (እ.ኤ.አ. 2014፣ ዴቪድ ፊንቸር)። ያላያችሁት ይህን አንቀጽ እለፉት። ኤሚ የተገደለች አስመስላ ትጠፋለች፤ ባሏን ልታስወነጅል። መኪና እየነዳች፣ የሐሰት ማስታወሻዋን የጻፈችባቸውን እስክሪብቶዎች በመስኮት ትጥላለች። ክፋቷን ትጠሉታላችሁ፣ ጥንቃቄዋ ግን ዓይን አያስነቅልም። በኋላ የተደበቀችበት ቦታ ያሉ ጎረቤቶቿ ገንዘቧን ይዘርፏታል። እኔ ክው አልኩ። ለማን? ለወንጀለኛዋ! ሰው ሲለፋ ካየን ልፋቱ ሲበላሽ ያንገበግበናል። ለምን እንደሚለፋ ለጊዜው እንረሳዋለን።

ከዚያ ፈረንሳዊቷ ተዋናይት ኢዛቤል ዩፔር ላይ ተጣበቅኩ። «ኤል» ላይ (2016፣ ፖል ቨርሆቨን) ዩፔር የምትጫወታት ሚሼል የደረሰባትን ጥቃት ለጓደኞቿ ምግብ ቤት ውስጥ ዱብ ታደርገዋለች፤ ድምጿ እንኳ አይሰበርም። አባቷ ሰው የጨረሰ ገዳይ መሆኑን ለጎረቤቷ የምታወራውም በዚያው ቃና ነው። በለቅሶ ብትነግረን ወዲያው ይቅር እንላትና ፊልሙ እዚያው ይሞታል። «ዘ ፒያኖ ቲቸር» ላይ ደግሞ (2001፣ ሚካኤል ሃነከ) ዩፔር የብርጭቆ ስባሪ በተማሪዋ ኮት ኪስ ትጨምራለች። ለምን እንደሆነ ማንም ቁጭ ብሎ አያስረዳችሁም። እኔ እዚህ ገና አልደረስኩም።

ወደ ራሴ ጽሑፍ ልምጣ። ገጸ ባሕርዬ እህል ነጋዴ ናት፤ የሟች እህቷን ቤት በስሟ ልታዞር ትፈልጋለች። ለቅሶ ቤት ጎንበስ ቀና ብላ ታስተናግዳለች። እግረ መንገዷን የቤቱ ካርታ ያለበትን ሳጥን ትፈልጋለች። ለጓደኞቼ ሳነብላቸው አንዷ «ለነዳይ ሳንቲም ስትሰጥ አሳዪንና እንውደዳት» አለችኝ። አልተቀበልኳትም። በምትኩ ሥራዋን አበዛሁላት፦ ከእድርተኛው ማን ማንን እንደሚያምን ታጠናለች፣ ቡና እየቀዳች ምስክር ትመለምላለች፣ ቁልፉ በማን ቀሚስ ኪስ እንዳለ ለይታ ታውቃለች። በሚቀጥለው ንባብ የእህቷ ልጅ ሳጥኑን ወደ ሌላ ክፍል ሲያዞረው ያቺው ጓደኛዬ «ውይ! ጉድ ሆነች!» ብላ ጮኸች። ወላጅ አልባውን ልጅ ረስታ ለቀማኛዋ አክስት!

አሁን ያስቸገረኝ መጨረሻው ነው። ብትያዝ ስብከት ይሆንብኛል፤ ብታመልጥም ጓደኞቼ አይለቁኝም። ለጊዜው ቤቱን አግኝታ ከልጁ ጋር አብራ እንድትኖር አድርጌዋለሁ። እሱ ያውቃል፣ እሷም ማወቁን ታውቃለች።

ጎን ለጎን ስለ ወይዘሮ ባፈና ማንበብ ጀምሬያለሁ። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ አብረዋቸው ይኖሩ የነበሩት ናቸው፤ በዕድሜ ይበልጧቸዋል፣ ከቀድሞ ትዳር የወለዷቸው ልጆች ነበሯቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1877 ንጉሡ ዘመቻ ላይ እያሉ አሲረውባቸዋል። ይህን ለትሪለር የማይመኝ ጸሐፊ አለ? አንኮበር ወይም መርሐ ቤቴ አካባቢ ስለ እሳቸው የቆየ ወሬ የሚያውቅ አዛውንት ካላችሁ ጠቁሙኝ።